የሚያውቁሽ ሦስት ሰዎች

አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት የከተማዋን ደንቦች አጥንቼ ነበር። አጥንቼ የምለው ለፈተና እንደሚጠናው ነው። አሰላ እናቴ ቤት ተቀምጬ፣ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ ባለ መስመር ደብተር ላይ ገለበጥኳቸው። የዕቃ እጣቢ መንገድ ላይ አይደፋም። ከዜብራ ውጭ መንገድ አይቋረጥም። ወደ ዋናው መንገድ በሚያይ በረንዳ ላይ ልብስ አይሰጣም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ከሚመጡበት ቀን በፊት ደጅ አይወጣም። ቤት የተከራየ ሰው ውሉን ወረዳ ሄዶ ያስመዘግባል። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያመጣል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ይሄ ሁሉ ክልክል ከሆነ ሰዎቹ ምን እየሠሩ ይውላሉ አለችኝ።

ደንብ ማወቅ ደስ ይለኛል። ያኔ ምክንያቱን አላሰብኩበትም፤ አሁን ሳስበው የተጻፈ ደንብ ሰው መጠየቅ ስለማያስፈልገው ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ፣ ባለሱቁን ቀና ብሎ ማየት ስለሚከብደኝ፣ ከመንገድ ተመልሼ ተዘግቷል እል ነበር። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት አንዴ ነው፤ እሱም መስኮቱ እንዲዘጋልኝ።

ሥራ ያገኘሁት ቃሊቲ አካባቢ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቃሊቲ ልገባ ነው ስለው አጎቴ ምን አጥፍተሽ ነው ብሎ ሳቀ፤ ለክፍለ ሀገር ሰው ቃሊቲ ማለት ወህኒ ቤቱ ነው። ለእኔ ግን ቃሊቲ ነጭ ጋውን፣ የስንዴ ናሙና፣ የእርጥበት መለኪያ ማሽንና ቀኑን ሙሉ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጡት ተሳቢ መኪናዎች ሆነ። ቤት ያገኘሁት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ስቱዲዮ ናት። ባለቤቱ ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ነው፤ አይቼው አላውቅም። ቁልፉን የሰጠኝም ውሉን የፈረመልኝም ወኪሉ ነው።

ደንቦቹን በሙሉ አከበርኩ። ልብሴን በረንዳው ውስጥ ዝቅ አድርጌ በወጠርኩት ገመድ ላይ አሰጣሁ፤ ከመንገድ አይታይም። የሕንፃው ኮሚቴ ደረጃው ግድግዳ ላይ የለጠፈውንም ወረቀት አነበብኩ። በርበሬ የሚወቀጠው፣ በግ የሚታረደው ኮሚናል በምንለው የጋራ ቤት እንጂ ፎቅ ላይ አይደለም ይላል። እኔ የሚወቀጥም የሚታረድም ነገር አልነበረኝም። የሁለተኛ ፎቁ ልጅ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ኮሚቴው ሲመጣበት አይቻለሁ። የአንደኛ ፎቋ ሴት እጣቢ ደፍታ ደንብ አስከባሪዎች ሲይዟት፣ የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ዛሬን ማሩልን፣ ልጆች አሏት እያለ ሲለምንላት በመጋረጃዬ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። እኔ ላይ ግን ማንም መጥቶ አያውቅም። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም።

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስለ ሥራዬ ብዙ አትጠይቅም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ ጎረቤት ይዘሻል ወይ የሚል ነው። መጀመሪያ ላይ ገና ነኝ አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ቀዘቀዘባት። በሚቀጥለው እሁድ አዎ አልኳት። ማን ስትለኝ፣ ከሥሬ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሴትዮ አሉ፣ ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው፣ ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር የሆኑ አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ ኮሚቴው ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ ሴትዮዋንም ደረጃ ላይ አንገቴን ደፍቼ አልፌያቸው አውቃለሁ። ቆሎ ይልኩልኛል፣ በርሽን ቆልፈሽ ግቢ ይሉኛል የሚለውን ግን እኔ ጨመርኩት። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሉ ጀመር። እናቴ ሰላምታ ትልክላቸዋለች፤ እኔም አደርሳለሁ እላለሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሕንፃው ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። የሴትዮዋ ባለቤት መንገድ ላይ ታመው አርፈዋል። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ላይ ቤት ተቀምጠዋል። ሰው የሞተበት ቤት በሩ አይዘጋምና የሦስተኛ ፎቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ቤቴ ለመውጣት በዚያ በር ፊት ማለፍ አለብኝ።

ለቅሶ መድረስ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። አሰላ እናቴን ተከትዬ ስንት ቤት ገብቻለሁ። ግን እዚያ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ እሷ ትገባለች፣ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ፣ ማን ነሽ የሚለኝ የለም። እዚህ ብቻዬን ገብቼ ማን ነኝ ልበል? የማላውቀው ሰው ሐዘን ውስጥ ዘው ማለት ድፍረት መሰለኝ። ያ ሁሉ ሴት ዞር ብሎ ሲያየኝ ታየኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆምኩና ጫማዬን አወለቅኩ፤ ተረከዙ ይጮኻል። በእጄ ይዤ፣ በካልሲ፣ ግድግዳውን ታክኬ አለፍኩ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሰው ላለመረበሽ የተጠነቀቅኩ ነበር የመሰለኝ። እሁድ ለእናቴ ሦስቱንም ቀን ከሴትዮዋ ጋር ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት አልኳት። እሷም ስልኩ ላይ አለቀሰችላቸው።

የመታወቂያው ጉዳይ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ፋብሪካው የቀጠረኝ በጊዜያዊ ውል ነበር፤ ወደ ቋሚነት ለመዛወር የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ ማቅረብ ግዴታ ነው። እኔ ስገባ ወረዳው አዲስ መታወቂያ መስጠት አቁሞ ነበር። ሲከፈት አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ አሰላ ሄድኩና መሸኛዬን አወጣሁ። መሸኛ የሚሰጡሽ የድሮውን መታወቂያ ተቀብለው፣ ስምሽን ከመዝገባቸው ሰርዘው ነው። ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። እስከዚያ ድረስ የትም ነዋሪ አይደለሽም፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። የእኔ መሸኛ የሚያበቃው የፋብሪካው ውሌ በሚያበቃበት ሳምንት ነበር። መታወቂያውን በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላገኘሁ ሥራውም ቤቱም የለም፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ነው።

ወረዳው ቢሮ ወረፋ ይዤ ስደርስ ሰነዶቼን በቅደም ተከተል ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ አድርጌ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ናት። አንድ በአንድ እያገላበጠች መሸኛ አለ፣ የተመዘገበ ውል አለ፣ ፎቶ አለ አለችና ጎበዝ አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ የቤቱ ባለቤት የታሉ አለችኝ። ወኪሉን ልጥራው ስላት፣ ወኪል ቤት ያከራያል እንጂ ሰው አያስመዘግብም አለች። ባለቤቱ በአካል ካልቀረቡ ሦስት ምስክር ማምጣት አለብኝ፤ የዚያው ወረዳ መታወቂያ ያላቸው፣ ብሎኩ ላይ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ፣ አውቃታለሁ ብለው የሚፈርሙ።

አገር አቀፉ ዲጂታል መታወቂያ አለኝ ብዬ አሳየኋት።

«እሱ ማን እንደሆንሽ ነው የሚናገረው» አለችኝ። «እዚህ መኖርሽን ሰው ነው የሚናገረው። ስምንት ወር ኖሬያለሁ ነው ያልሽኝ አይደል? በስምንት ወር ሦስት ሰው ይጠፋል?»

በክፋት አልነበረም። ማክሰኞ ይዘሻቸው ነይ አለችኝና ቀጣዩን ጠራች፤ እኔም ፋይሌን ዘግቼ ወጣሁ።

ወኪሉ ጋ ስደውል ባለቤቱ እስከ በዓል ድረስ ከድሬዳዋ ንቅንቅ አይሉም አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ከላይ ወደ ታች በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ከማንኳኳቴ በፊት እያንዳንዱ በር ላይ የምለውን በልቤ እደግም ነበር። ሲከፈት ግማሹ ይጠፋብኛል።

ያኔ ነው ብሎካችን ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ተከራይ መሆኑን ያወቅኩት። መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ነው። የአንደኛ ፎቋ ባለ እጣቢ ሴት የእሷ የየካ መሆኑን፣ ቤት በለቀቀች ቁጥር መቀየር ስለሰለቻት እንደተወችው ነገረችኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር በሩን ገርበብ አድርጋ ባለቤቴ ሲመጣ አለችኝ፤ ባለቤቷ ከኋላዋ ቴሌቪዥን ያያል። የሁለተኛ ፎቁ ባለ ሙዚቃ ልጅ ግን ሰምቶኝ ሲጨርስ በሩን ሙሉ ከፈተው።

«ሲስተር፣ እኔ ራሴ ገና የሐዋሳ ነኝ» አለኝ። «አራት ምስክር ካገኘሽ አንዱን ለእኔ ላኪልኝ።» ከዚያ አየት አደረገኝ። «ቆይ፣ እዚሁ ብሎክ ነው እንዴ የምትኖሪው?»

አራተኛ ፎቅ አልኩት። እንግዳ የመጣሽ ነበር የመሰለኝ አለ።

የብሎኩ ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት ቦታው የወንድማቸው ጤፍ ማሳ እንደነበር፣ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ሲያሳዩ ሰምቻለሁ። መታወቂያቸው የዚያው ወረዳ ነው፤ ከሁላችንም በፊት የነበሩ ናቸው። ጉዳዬን በአማርኛ ጀመርኩላቸውና መሃል ላይ ሲጠፋብኝ፣ የት አገር ሰው ነሽ አሉኝ። አሰላ ስላቸው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ እኔም በኦሮምኛ መለስኩ። ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ስምንት ወር ሙሉ» አሉ፣ «‹አካም ቡልተኒ› የምትለኝ ልጅ አጠገቤ እያለች ነው ‹እንደምን አደሩ› ብላኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ የምትሮጠው?»

አፈርኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሰው መሆንሽን አውቃለሁ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ አሉኝ።

ከብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ ባለቤት የስልጤ ሰው ነው። ምስክር የሚለውን ቃል ሳልጨርስ ገባው።

«አንቺን የማላውቅ? አንድ እንቁላል፣ አንድ ቲማቲም፣ ትንሿ ዘይት። አንድ እንቁላል የሚገዛ ሰው አይረሳም እህቴ። ሚስቴ ታማ ነው ወይስ ተጣልታ ነው ብቻዋን የምትበላው ስትለኝ ነው የኖረችው።»

መታወቂያውን ከካሽ መሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ፤ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ እንደሚመጣም ቃል ገባልኝ። ሁለት ሆኑ። ሦስተኛ ማን አለ ስላቸው ሁለቱም አንድ ሰው ነው የነገሩኝ፤ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ። ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ዕጣ ደርሷቸው ነው የገቡት፣ መታወቂያቸው የዚህ ነው። ሌላ የለም ወይ አልኩ። ባለሱቁ ገርሞት አየኝ። ምን አሉሽ፣ እሳቸው እኮ መልካም ሰው ናቸው አለኝ።

ምንም አላሉኝም። እኔ ነኝ ምንም ያላልኳቸው። ቅዳሜ የእሳቸውን በር ሳላንኳኳ ቀረሁ። እሁድ እናቴ ስትደውል ሴትዮዋ ደህና ናቸው፣ አንቺንም ሰላም ብለውሻል አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ተነሣሁና ወረድኩ፤ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

በሩን ሲከፍቱ ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓመቱ አልሞላም። ማን እንደሆንኩ ልነግራቸው ስጀምር የት እንደምኖር እንደሚያውቁ ነገሩኝና ግቢ አሉኝ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ አለ፤ ከመኪናቸው ደረጃ ላይ ቆመው ይስቃሉ። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልኩ። ድምፄ እንደ ማሳል ነው የወጣው።

«አሁን?» አሉኝ።

 ከዚያ በሩን እያዩ ተናገሩ።

«ጫማሽን ይዘሽ ስታልፊ አይቼሻለሁ። እዚያ ፍራሹ ላይ ነበርኩ፣ ፊቴ ወደ ደረጃው ነው። አንድ ቀን ቢሆን ፈርታ ነው እላለሁ። ሦስት ቀን! ሴቶቹ ይቺ ማናት ብለው ሲጠይቁኝ የምላቸው አጣሁ። ከበላዬ ነው የምትኖረው፤ እግሯን እንጂ እሷን አላውቃትም አልኳቸው።»

ላለመረበሽ ነው አልኳቸው። ለቅሶ ቤት ተገብቶ ማን ነው የሚረበሸው አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእርግጥ መልሱን የፈለጉ ይመስሉ ነበር። 

«ዛሬስ ምን አመጣሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ መሸኛው፣ ስለ ውሉ፣ ሥራዬ በዚያ ሳምንት ላይ እንደተንጠለጠለ ሁሉ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ እንግዲህ የመጣሽው ልታስመሰክሪኝ ነው፤ ልታጽናኚኝ አይደለም አሉኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ነገር ማለት ይቻል ነበር፤ አፌ ላይ አልመጣም። አዎ ማለቴ ያናደዳቸው መስሎኝ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ተቀመጪ አሉኝና ውሃ አመጡልኝ።

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አሉኝ። «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ግን አልመሰክርም። ይህን ከአሁኑ እወቂው።»

ማክሰኞ አራታችን በአንድ ታክሲ ሄድን። ባለሱቁና ጥበቃው ስለ ስኳር ዋጋ እያወሩ ነበር፤ ሴትዮዋ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኔ ፋይሌን አቅፌ፣ ምን ብለው እንደሚጠየቁ ምን ብለው እንደሚመልሱ እያሰብኩ ነበር።

ሹሩባ የተሠራችው ልጅ አስታወሰችኝ። ጥበቃው መጀመሪያ ቀረቡ፤ መታወቂያቸውን አስመዘገቡና ፈረሙ። ባለሱቁ ፈረመና ሰዓቱን አየ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉና ቅጹን ማንበብ ጀመሩ። ከኋላችን ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል።

«እዚህ ላይ ‹ግለሰቧን አውቃታለሁ› ይላል» አሉ።

ልጅቷ አዎ አለቻቸው።

«እዚያ መኖሯን እፈርማለሁ። ጣሪያዬ ላይ ስትሄድ እሰማታለሁ። አውቃታለሁ የሚለውን ግን አልፈርምም።»

«እናቴ፣ ፎርም እኮ ነው። ሁሉም የሚፈርመው ይሄንኑ ነው።»

«እነሱ የፈረሙትን እነሱ ያውቃሉ።»

ከወረፋው አንድ ሰውዬ፣ እናታችን፣ ከሰዓት ተመለሱ ሊሉን ነው አለ። ባለሱቁ ጠጋ ብሎ፣ እትዬ፣ ይቺ ልጅ ክፉ አይወጣትም፣ በእኔ ይሁንብዎ አላቸው።

«አንተ የምታውቀው እንቁላሏን ነው» አሉት።

ሰው ሳቀ።  መሸኛው ዓርብ ያበቃል። ይቅር፣ ተዉት ብዬ ልወጣ ስል ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

እዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ እንደነበረ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እንደሞተ ነገርኳቸው። እናትሽስ አሉኝ። እናቴ ልብስ ትሰፋለች አልኳቸው፤ እህትም ወንድምም እንደሌለኝ፣ ምን እንደተማርኩ፣ ስንዴው እርጥበት እንዳለው እንዴት እንደማውቅ ሁሉ ነገርኳቸው። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሚያው ጠፋኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። በመጨረሻ ያልጠየቁኝንም ተናገርኩ።

«እናቴ ጎረቤት ይዘሻል ወይ ስትለኝ ስለ እርስዎ ነው የምነግራት። ቆሎ ይልኩልኛል እላታለሁ። ለቅሶዎንም ሦስት ቀን ተቀምጬ ነበር ብያታለሁ። በየሳምንቱ ሰላምታ ትልክልዎታለች፤ አላደረስኩም።»

 ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሌላስ ምን እላለሁ?»

«በርሽን ቆልፈሽ ግቢ ይሉኛል።»

«ይሄንን እንኳ እላለሁ» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፣ እስክሪብቶውን ከልጅቷ እጅ ወሰዱና ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን እየጻፉ ፈረሙ። ከዚያ ወደ ሳሪስ እህታቸው ጋ እንደሚሄዱ ተናግረው፣ ለእናትሽ ሰላም በያት ብለውኝ ወጡ። ባለሱቁና ጥበቃው ቀድመው ወጥተዋል።

እኔ አልጨረስኩም ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈች ጥያቄዎቹን ታነብልኛለች፤ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የደም ዓይነት። መጨረሻው ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ አለችኝ። የእናቴን ስም ነገርኳት። አሰላ መሆኗን ስትሰማ እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ቢሆን ይሻላል አለች፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ከአሰላ እስኪመጡ ድረስ ማን ይደርስልሻል? ከሦስቱ ምስክሮች አንዳቸውን ልጻፍ ወይ አለችኝና፣ ግን ሄደሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ አለችኝ።

ወጣሁ። ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግረው የሳሪስ ታክሲ የሚጠብቁበት ቦታ ቆመዋል፤ ከመሃላችን ተሳቢዎች ያልፋሉ። ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜን፣ ቤተሰቤን፣ ውሸቴን ሁሉ ተናግሬ ገና መጨረሴ ነበር፤ አንዲት ቃል እንኳ የምታወጣ ትንፋሽ አልቀረችኝም። ደግሞስ ምን ልበላቸው? የማን ልጅ መሆኔን ካወቁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ብታመም እርስዎ ጋ ይደወል ልበላቸው? ታክሲው መጣ። ረዳቱ አንድ ሰው አንድ ሰው እያለ ሲጠራ ገቡ። ወደ መስኮቱ ተመለስኩና የእናቴን ስም ጻፊው አልኳት። የእናቴን ስልክ ስትጠይቀኝ፣ አንድ ቀን ተደውሎላት ጎረቤት እንደሌለኝ እንዳትሰማ ብዬ፣ የራሴን ቁጥር ነገርኳት። ልጅቷ ቁጥሩን ደግማ አነበበችልኝ። ልክ ነው አልኳት።

መታወቂያውን ሐሙስ ወሰድኩ፤ ዓርብ ለፋብሪካው ኮፒውን አስገባሁ። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። እናቴ ስነግራት እልል አለች፤ ቀጥላም ሴትዮዋን አመስግኚልኝ አለች።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። አንዴ አልነበሩም። ሁለቴ ሻይ አጠጥተውኛል። እኔ ለእናቴ ከፈጠርኳቸው ሴትዮ ይልቅ ዝምተኛ ናቸው፤ ቆሎም አይልኩም። ቴሌቪዥኑን ከፍተን ሁለታችንም እሱን እያየን እንቀመጣለን። የባለቤታቸው ሙት ዓመት መቼ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ቀኑን ጽፌ ይዣለሁ፣ ከፋብሪካም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሴቶቹ ማናት ብለው ሲጠይቋቸው ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። ስለ ተጠሪው መስመር አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው አስቤ፣ ስኒዬን አስቀምጬ፣ ልሂድ መሰለኝ ብዬ ተነሥቻለሁ።

አንዳንድ ጊዜ በኢንተርኔት ወደ አዲስ አበባ ልገባ ነው፣ ምን ምን ላሟላ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አያለሁ። ሰዎች መሸኛ፣ ውል፣ ፎቶ ብለው ይመልሱላቸዋል፤ ሁሉም ልክ ነው። እኔ አስተያየት ጽፌ አላውቅም። ብጽፍ ከሁሉም በኋላ የሚጠይቁሽ አንድ መስመር አለ፣ ቢሮው ከመድረስሽ በፊት አስቢበት እል ነበር። የእኔ መታወቂያ ለመታደስ ገና ብዙ ጊዜ ይቀረዋል። እስከዚያ መንገድ ላይ ብወድቅ፣ ያነሣኝ ሰው መታወቂያዬን አውጥቶ እዚያ ላይ ወዳለው የተጠሪ ቁጥር ቢደውል፣ የሚጠራው እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።